ፍሬን መልቀቅ ስማር

ትናንት ማታ በኮምፒውተር የመኪና ውድድር ጌም፣ የጣሊያኑ ሞንዛ መወዳደሪያ ላይ፣ በማዝዳ ኤምኤክስ-5፣ የራሴን ምርጥ ሰዓት በ2 ሰከንድ ተኩል አሻሻልኩ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻዬን ጮህኩ። ታች የሚኖሩት እማማ ዛሬ ጠዋት ደረጃው ላይ አገኙኝና «ልጄ፣ ማታ ማታ ምንድነው የምትፈጨው?» አሉኝ። አልተሳሳቱም፤ ጌሙን የምነዳበት መሪ፣ ሎጊቴክ ጂ29፣ ውስጡ ባለ ጥርስ ስለሆነ ሲዞር ወፍጮ ነው።

አጀማመሬ ብዙ አያወራም። ስድስት ወር በኪቦርድ ነዳሁ፣ ያገለገለ መሪ ገዛሁ፣ የምግብ ጠረጴዛው ላይ አሰርኩት፣ ጠረጴዛው ተሰነጠቀ፣ ከቤተሰብ ተኳረፍን።

ጣጣዬ ፍሬኑ ነበር። አሴቶ ኮርሳ በሚባለው ጌሜ ውስጥ የሞንዛን ረጅም ቀጥታ ጨርሼ የመጀመሪያዋ የቀኝ-ግራ ኩርባ ላይ ስደርስ ወይ ጎማ ቆልፌ ቀጥ ብዬ እወጣለሁ፣ ወይ «ወራጅ አለ» የተባልኩ ይመስል ቀድሜ እቆማለሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጥፋቱን ሴቲንግ ውስጥ ስፈልግ ከረምኩ። ለካስ ጠንከር አድርጌ በረገጥኩ ቁጥር ባለ ጎማው ወንበሬ ወደኋላ ስንዝር ይሄዳል፣ ፔዳሉም ሴራሚኩ ላይ ይንሸራተታል። ከሥሩ ጆንያ አነጠፍኩ፤ ጆንያውም አብሮ ሄደ።

ከሶማሌ ተራ ያገለገለ የቪትዝ ወንበር ገዝቼ ሰፈር ያለ ብየዳ ቤት ሄድኩ። በ40 በ40 ቱቦላሬ ፍሬም እንዲሠራልኝ ስነግረው በያጁ «መኪናው የታለ ወንድሜ?» አለኝ። የፔዳሉን ማሰሪያ ትንሽ አጣሞታል፣ ግን አይነቃነቅም። ከእነዚያ ሁሉ ሴቲንጎች ይልቅ የጠቀመኝ ይሄ ነው።

ጂ29 የፍሬን ፔዳሉ ሞላ ውስጥ የጎማ ቁራጭ አለው፤ እግር መሀል ላይ ሲደርስ ይጠጥራል። ብዙ ሰው አውጡት ይላል። አወጣሁት፣ በሁለተኛው ቀን መለስኩት። እግር ከርቀት ይልቅ ጉልበትን ያስታውሳል፤ ያንን ቁራጭ የሚያስወጡ ሰዎች ይህን የሚክዱበት ምክንያት አይገባኝም።

ከዚያ በኋላ የቀረው አለቃቀቁ ነበር። ስንረግጥ ክብደቱ ወደ ፊት ጎማ ስለሚሄድ የፊት ጎማ መንገዱን ይነክሳል። እኔ መሪ ማዞር ስጀምር ፍሬኑን ባንዴ እለቅ ነበር፤ አፍንጫው ብድግ ይልና መኪናው አልታጠፍም ይላል። አሁን ቀጥ ብዬ ሳለሁ አጥብቄ እረግጣለሁ፣ መሪው በተጠመዘዘ ልክ ቀስ እያልኩ እለቃለሁ። የቀረውን ዙር ረስቼ ለዚያች ኩርባ ብቻ ሃያ ዙር ነዳሁ። አሰልቺ ነው።

መሪው ውስጥ ያለው ሞተር እጄን የሚታገልበትን ጉልበት ከ100 ወደ 65 አወረድኩት። 100 ላይ ጌሙ ውስጥ ያለው የጉልበት ምልክት ቶሎ ቶሎ ይቀላል፤ የመሪው ሞተር አቅሙ ሲያልቅ የትኛው ጎማ እንደከዳህ አይነግርህም። ቁጥሩን ግን እንዳትገለብጡኝ፤ የሰው ሴቲንግ የሰው ጫማ ነው።

ይሄን ሁሉ የምመክራችሁ ማርሼ አሁንም አውቶማቲክ ላይ ነው፤ ፍሪሲዮኑ አቧራ ለብሷል። መንጃ ፈቃድም የለኝም። በየቀኑ አንድ ሰዓት ተለማመዱ ልላችሁ ነበር፤ ግን ለእማማ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ አልፈጭም ብዬ ቃል ገብቻለሁ፣ መብራት ደግሞ ሰሞኑን የሚመጣልን 2 ሰዓት ተኩል ላይ ነው።