«ለምን?» የሚለው ፈተና

እህቴ የምትኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ባለፈው ዓመት መስከረም መጨረሻ ላይ ደወለችና «ልጅቷ ኤፒ ካልኩለስ የሚባል ክፍል ገብታ እያለቀሰችብኝ ነው። አንቺ የሒሳብ አስተማሪ አይደለሽ? እስኪ አነጋግሪያት» አለችኝ። እህቴ የሌሊት ሥራ ነው የምትሠራው፤ ኤፒ ምን እንደሆነ ቁጭ አድርጎ የነገራት ሰው የለም። እኔም ስሙን ገና ያን ቀን ነው የሰማሁት።

ለካ እዚያ አገር ሁለተኛ ደረጃ ሳይጨርሱ የኮሌጅ ክሬዲት፣ ማለትም ኮሌጅ ሲገቡ የሚቆጠር የኮርስ ነጥብ፣ መያዝ ይቻላል። አንዱ መንገድ ይኸው ኤፒ ነው። ተማሪው ኮርሱን በገዛ ትምህርት ቤቱ ዓመቱን ሙሉ ይማርና በፈረንጆቹ ሜይ ላይ ኮሌጅ ቦርድ የሚባል ድርጅት የሚያዘጋጀውን ፈተና ይፈተናል። ውጤቱ ከ1 እስከ 5 ነው። 3 ለብዙ ኮሌጆች ይበቃል፤ ጠበቅ የሚያደርጉት 4 ወይም 5 ይጠይቃሉ። ሌላው መንገድ ገና ተማሪ ሳሉ በአቅራቢያ ያለ ኮሌጅ ገብቶ ኮርስ መውሰድ ነው፤ እነሱ ሰፈር ሞንትጎመሪ ኮሌጅ እንዲህ ያስተምራል። የኤፒው ፈተና ወደ 100 ዶላር ያስከፍላል፤ አቅም ለሌለው ቅናሽ አለው። የምዝገባው ቀነ ገደብ ግን በእኛ ኅዳር መጀመሪያ ላይ ነው፣ ፈተናው ከመድረሱ ስድስት ወር ቀድሞ። እህቴ ይህን አታውቅም ነበር። ባትደውልልኝ ኖሮ ልጅቷ ዓመቱን ተምራ ሳትፈተን ትቀር እንደነበር ሳስብ አሁንም ይቆጨኛል።

ከዚያ ወዲያ ልጅቷን በስልክ ማስጠናት ጀመርኩ። እሷ ከትምህርት ቤት ስትገባ እኛ ጋ ቱሉ ዲምቱ ከምሽቱ 5 ሰዓት ይሆናል። ልጆቼ ሳሎን ስለሚተኙ ስልኬን ይዤ ወጥ ቤት እገባለሁ። በመስኮቱ ወደ አዳማ የሚወስደው የክፍያ መንገድ መብራት ይታያል። ኔትወርኩ ሲደክም ቪዲዮውን ዘግተን በድምፅ ብቻ እንቀጥላለን፤ ወረቀቷን ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትልክልኛለች።

ይዘቱ አላስቸገረኝም። ሊሚት፣ ዴሪቬቲቭ፣ ኢንቲግራል፣ እኔም 12ኛ ክፍል የማስተምረው ነው። አንድ ምሽት ግን የፈንክሽኑ ከፍተኛ ቦታ የት እንደሆነ የሚጠይቅ ጥያቄ ሠራች። መልሷ ትክክል ነው፤ እኔ ብሆን ሙሉ ነጥብ እሰጣት ነበር። ከማረሚያ መመሪያው ጋር ስናስተያየው ነጥቡ ተቆርጧል። «ምክንያቱም ዴሪቬቲቩ እዚያ ቦታ ላይ ከፖዘቲቭ ወደ ኔጋቲቭ ይለወጣል» ብላ፣ ማለትም ሲወጣ የነበረው እዚያ ላይ መውረድ ይጀምራል ብላ፣ መጻፍ ነበረባት። የፈተናው ግማሽ እንዲህ ነው፤ 6 ጥያቄ፣ እያንዳንዱ 9 ነጥብ፣ ሁሉም ተጽፎ የሚመለስ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የእኛ ልጆች ፈተና ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ ነው፤ እኔም 14 ዓመት ሳስተምር ትክክለኛውን ፊደል ካገኙልኝ «ለምን?» ብዬ አልጠየቅኳቸውም።

ሌላም የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። ከሰፈራችን ብዙ ሳይርቅ ቂሊንጦ ላይ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለ። ተማሪዎቼ አጥሩን ያውቁታል፤ ውስጡን ያየ ግን ጥቂት ነው። ከ2012 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ የገባ ሁሉ መጀመሪያ ፍሬሽማን ኮርሶችን ይወስዳል። ከሁለት ዓመት በፊት ያስተማርኩት አንድ ጎበዝ ልጅ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት መጥቶ «ቲቸር፣ የፍሬሽማኑን ሒሳብ የእርስዎን ደብተር ይዤ ነው የተማርኩት» አለኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ እኔ ያሰብኩት ግን የባከነበትን ጊዜ ነው። ይህ ልጅ 12ኛ ክፍል ሳለ ተፈትኖ ያንን ኮርስ ቢያልፍ፣ ወይም በሳምንት አንድ ከሰዓት ቂሊንጦ ሄዶ ቢማር ምን ነበረበት?

ይህን ለባልደረቦቼ ሳነሳ «መጀመሪያ ይለፉ እንጂ» ይሉኛል። እውነት አላቸው። በ2015 ዓ.ም 12ኛ ክፍልን ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ የእኔም ልጆች እዚያ ውስጥ አሉበት፣ የእያንዳንዳቸውን ፊት አስታውሳለሁ። ቢሆንም የወደቀውን ስንደግፍ የቀደመውን አቁመን የምናቆይበት ምክንያት አይታየኝም። የእህቴ ልጅም ብትሆን መስከረም ላይ የምታለቅስ ልጅ ነበረች።

ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ደወለች። «አክስትዬ፣ 4!» ከዚያ በኋላ የሰማሁት የእህቴን እልልታ ነው። ልትገባበት ያሰበችው ኮሌጅ የመጀመሪያውን ካልኩለስ እንደተማረችው ይቆጥርላታል።

ኮሌጅ ቦርድ ያለፉትን ዓመታት የጽሑፍ ጥያቄዎች ከነማረሚያቸው በነፃ ይለቃል። ዘንድሮ የተወሰኑትን አውርጄ ትምህርት ቤታችን ፊት ለፊት ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት አባዛኋቸው። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሰባት ልጆች ጥያቄዎቹን ለመሥራት ከእኔ ጋር ይቆያሉ። ክሬዲት የሚሰጣቸው የለም፤ ይህን መጀመሪያውኑ ነግሬያቸዋለሁ። ባለፈው ሐሙስ ከኋላ የምትቀመጠው፣ ድምፅዋ የማይሰማው ልጅ ሰሌዳው ላይ ወጥታ መልሱን ጻፈች። ከዚያ ጠመኔውን ሳታስቀምጥ ከሥሩ «ምክንያቱም» ብላ ጀመረች።