ሽሮና የማይታየው አጥር

ትናንት ማታ የውሻችንን የሽሮን ኮላር፣ ከግቢ እንዳትወጣ የሚከለክላትን የአንገት ማሰሪያ፣ ሳወልቅ ባትሪው አልቆ አገኘሁት። መቼ እንዳለቀ እንጃ። ሰሞኑን ሥራ በዝቶብኝ ባትሪውን ልብ ብዬ አላየሁትም። ስንት ቀን ባዶ ፕላስቲክ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ እንደከረመች እሷም አታውቅ፣ እኔም አላውቅ። የትም ግን አልሄደችም። ነገሩ ሲከነክነኝ ስላደረ ልጻፈው።

ሽሮ የሚለውን ስም ያወጣችላት ልጄ ናት፤ መልኳ የሽሮ ዱቄት ይመስላል ብላ። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ስሙን ስትሰማ ደነገጠች። «እህል ለውሻ ስም ይሆናል? ነውር ነው!» አለች። እስከ ዛሬም ቡቺ ነው የምትላት። ውሻዋ ነገሩ ገብቷት ለሁለቱም ስም ትመጣለች።

ያመጣናት ከውሻ መጠለያ ነው። ዘሯ ድብልቅ ቢሆንም ቢግል የሚባል የአደን ውሻ ዘር እንዳለባት ነግረውናል። ቢግል ማለት አፍንጫ ነው፤ እግርና ጆሮ የተጨመረለት። ሽታ ከያዘች ብትጠሯት፣ ሥጋ ብታሳዩአት፣ ብትለምኗት አትሰማም። የምንኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ፣ ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ነው። እዚህ አጋዘን እንደ ፍየል ሰፈር ለሰፈር ይዞራል። ጥንቸል አለ፣ ሽኮኮ አለ። ለእሷ ግቢያችን በሩ ተከፍቶ የተተወ ሥጋ ቤት ነው።

ሁለት ጊዜ ጠፋች። በሁለተኛው ያገኘኋት ዋናው መንገድ ላይ ነው። መኪኖች ግራና ቀኝ ቆመው ጥሩምባ ይነፋሉ፣ እሷ አፍንጫዋን አስፋልቱ ላይ ደፍታ የሆነ ነገር ታጠናለች። ያን ቀን ተሸክሜያት ስመለስ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

አጥር ማጠር ነዋ፣ ትሉኝ ይሆናል። እኔም ያልኩት ይኼንኑ ነው። አዲስ አበባ ያደገ ሰው አጥር ምን እንደሆነ ያውቃል። ግንብ፣ ግንቡ ላይ የጠርሙስ ስባሪ፣ የቆርቆሮ በር፣ በሩ ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ» የሚል ጽሑፍ። የልጅነቴ ውሻ ጃክ ቀን ታስሮ ይውላል፣ ማታ ይፈታል፣ አለቀ። እዚህ ግን የሰፈራችን ማኅበር፣ ኤች ኦ ኤ የምንለው፣ ከቤት ፊት ለፊት አጥር አይፈቅድም። ከኋላ ይፈቅዳል፤ ቁመቱም፣ እንጨቱም፣ ቀለሙም በማመልከቻ ነው። ለኋላው ብቻ 9,000 ዶላር ተጠየቅሁ። አመስግኜ ስልኩን ዘጋሁት።

ሽቦ አልባ አጥር የሚባለውን ያሳየኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ወደ 300 ዶላር ገደማ ገዛሁት። አሠራሩ ቀላል ነው። ቤት ውስጥ ሶኬት ላይ የሚሰካ ማሰራጫ አለ። ዙሪያውን የሬዲዮ ሞገድ ይለቃል፤ የእኔው እስከ 90 ጫማ፣ 27 ሜትር ያህል መሆኑ ነው። ውሻዋ አንገት ላይ ያለው ኮላር ሞገዱን ሲሰማ ይውላል። ጫፍ ላይ ስትደርስ ጢጥ ጢጥ ይላል። አልፋ ከሄደች ሁለት የብረት ጥርሶች አንገቷን በኮረንቲ ይነዝሯታል። ሐሳቡ ራሱ አዲስ አይደለም። ሪቻርድ ፔክ የሚባል አሜሪካዊ በፈረንጆቹ 1973 ፓተንት አውጥቶበታል። የዚያ ዘመኑ መሬት ውስጥ የሚቀበር ሽቦ ነበረው። አሁን ሽቦ የሌለውም፣ በሳተላይት የሚሠራውም መጥቷል።

እሷ ላይ ከማሰሬ በፊት ራሴ ላይ ሞከርኩት። ኮላሩን መዳፌ ላይ ይዤ ከድንበሩ ወጣሁ። ልጄ በስልኳ ትቀርጻለች። አንደኛው የኮረንቲ ደረጃ ላይ ትንኝ የነከሰችኝ ያህል ነው። ሦስተኛው ላይ ክንዴ እኔን ሳያስፈቅድ ተሰበሰበ። አምስተኛው ላይ ኮላሩን ወረወርኩና ልጅ ፊት የማይባል ነገር አልኩ። ልጄ በሳቅ ፈነዳች። ከዚያ ስልኳን ዝቅ አደረገችው።

«ዳዲ፣ ሽሮ ላይ ይኼን ልታደርግ ነው?»

መልስ አጣሁ። ብሪታንያ ውስጥ ባለችው ዌልስ ኮረንቲ የሚለቅ ኮላር ውሻና ድመት ላይ ማድረግ በፈረንጆቹ ከ2010 ጀምሮ በሕግ የተከለከለ መሆኑን ያነበብኩት የዚያኑ ማታ ነው። ብዙ የእንስሳት ሐኪሞችም አይወዱትም። ባነበው ባነበው ያቺ አስፋልት ላይ አፍንጫዋን የደፋች ውሻ ትመጣብኛለች። በመጨረሻ ኮረንቲውን ሁለተኛ ደረጃ ላይ አድርጌ ልጀምር ብዬ ወሰንኩ። ልክ ነበርኩ ብዬ አልከራከርም።

ዕቃው ከትናንሽ ነጫጭ ባንዲራዎች ጋር ነው የሚመጣው። ኮላሩን ይዛችሁ ትዞራላችሁ፤ ጢጥ ባለበት ሁሉ ባንዲራ ትተክላላችሁ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ገባኝ። ሞገዱ ክብ ነው፣ ግቢዬ ግን አራት ማዕዘን። ክቡን ሰፋ ሳደርገው የጎረቤቴን የመኪና ማቆሚያ ይወስዳል። ሳጠበው የራሴ ማዕዘኖች ይቀራሉ። ጎረቤት ይበልጣል ብዬ አጠበብኩት። ሲያልቅ ግቢው ሠርግ ቤት መሰለ።

ከዚያ ሥልጠና። የመጀመሪያውን ሳምንት ኮረንቲው ተዘግቶ ድምፅ ብቻ ነው። ጠዋትና ማታ፣ በየጊዜው አሥራ አምስት ደቂቃ፣ ገመዷን ይዤ ወደ ባንዲራው እወስዳታለሁ። ጢጥ ሲል ገመዱን ሳብ አድርጌ «ነዪ! ነዪ!» እያልኩ ወደ ኋላ እሮጣለሁ። ስትመለስ ቁራሽ ዶሮ። መሮጡን ያልኩት ቀልዴን አይደለም። በፒጃማ፣ ሥራ ሳልገባ፣ ጎረቤት እያየኝ። ኮረንቲውን የከፈትኩት በሁለተኛው ሳምንት ነው። አንድ ጊዜ ነዘራት። ጮኸች፣ ዞራ ወደ እኔ መጣች፣ ጉልበቴ መሃል ጭንቅላቷን ቀበረች። ያደረግኩባት እኔው ነኝ፣ መሸሸጊያ ያደረገችው ደግሞ እኔኑ። ያን ቀን ዶሮው ሙሉ እግር ነበር።

ከዚያ በኋላ ባንዲራዎቹን እየዘለልኩ ነቀልኳቸው። አንዱን ትቼ አንዱን፣ ቀስ በቀስ። ሲያልቁ ሽሮ ድንበሩን በቃሏ ይዛዋለች። ኩራት ተሰማኝ።

ኩራቱ ሦስት ሳምንት ቆየ። አንድ ከሰዓት በኋላ ዛፉ ሥር፣ ሁልጊዜ የምትተኛበት ቦታ ላይ ተጋድማለች። ድንገት ዋይ ብላ ዘላ ተነሳች። ወዴት እንደምትሮጥ ጠፍቷት ዞረች፣ በመጨረሻ በሩን በጥፍሯ ቧጠጠችው። ምን እንደሆነ ለማወቅ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። ማሰራጫውን የሰካሁት ጋራዥ ውስጥ ነበር። ባለቤቴ ገና መግባቷ ነው፤ ትልቁን መኪና አጠገቡ አቁማዋለች። ብረት ሞገድ ይጋርዳል። በመመሪያው ላይ ተጽፏል፤ እኔ ደግሞ መመሪያ የማነበው ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው። በዚያ በኩል ክቡ ተሰብስቦ ዛፉን ውጭ ትቶታል። ሽሮ ምንም አላጠፋችም፤ ተኝታ ነው የተቀጣችው።

ለአምስት ቀን ከበረንዳው አልወርድም አለች። ሽንቷን እንኳ በገመድ እየጎተትኩ ነው። ማሰራጫውን ከብረት ርቆ ሳሎን ውስጥ ሰካሁት፣ ባንዲራውን እንደገና ተከልኩ፣ ዶሮውን እንደገና ቀቀልኩ። ዛፉ ሥር ግን ተመልሳ አልተኛችም። እስከ ዛሬ በሩቁ ታሸተዋለች።

ሌላም አለ። ጥርሶቹ ቆዳዋን ካልነኩ አይሠሩም፣ ከጠበቁ ያቆስላሉ። ሥሩ አንድ ጣት መግባት አለበት። በቀን ከ12 ሰዓት በላይም አይታሰርም። እንግዲህ እኔ በየማታው አውልቄ ፀጉሯን እየገለጥኩ አያለሁ። አጥሩ ደግሞ እሷን ይከለክላል እንጂ የሚመጣባትን አይከለክልም። ባለፈው መኸር የሆነ ሰው ውሻ ገመዱን በጥሶ ገባባት። እሷ ከግቢው መሸሽ አትችልም። እኔ መጥረጊያ ይዤ ነው የደረስኩት።

እናቴ የመጣችው በሰኔ ነው። ገና ስትገባ የጠየቀችው «ተከትባለች?» ብላ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምን እንደሚያደርግ ታውቃለች። ቨርጂኒያ ውስጥ አራት ወር የሞላው ውሻ ሁሉ መከተብ ግዴታ እንደሆነ ነገርኳት፣ ወረቀቱንም አሳየኋት። ወረቀት አይታ ተረጋጋች። አጥሩን ግን አልነገርኳትም፤ ረስቼው ነው።

በማግስቱ በረንዳ ላይ ቁጭ ብላ ሽሮን ታያለች። ሽኮኮ አለፈ። ሽሮ ተወነጨፈች፣ ሣሩ መሃል ስትደርስ ደርቃ ቀረች። ከፊቷ ምንም የለም። እናቴ አማተበች። «አንተ፣ ይቺ ውሻ የሆነ ነገር ይታያታል!» ገብርኤልን ሁለት ጊዜ ጠራችው። ስለ ሞገዱና ስለ ኮረንቲው ሳስረዳት ራሷን እየነቀነቀች ሰማችኝ። ስጨርስ «እና ጃክን በሰንሰለት አሰራችሁ እያልክ ስትወቅሰን የኖርከው አንተ ነህ?» አለችኝ። ሄጄ ቡናዋን አመጣሁላት።

ዛሬ ጠዋት ኮላሩ ኩሽና ውስጥ ቻርጅ ላይ ነው። ሽሮን በተራ ገመዷ ይዤ ወጣሁ። እናቴ ፀሐይ ልሙቅ ብላ ወንበሯን ከፖስታ ሳጥኑ አጠገብ አድርጋለች፤ የድሮው ባንዲራ ከነበረበት ሦስት እርምጃ ያህል ወጣ ብሎ። እጇ ላይ የትናንት ድፎ ዳቦ አለ። «ቡቺ፣ ነዪ» አለቻት።

ገመዱን ለቀቅ አደረግሁት፤ ሣሩ ላይ ተጋደመ። ሽሮ እየሮጠች ሄዳ ባንዲራው የነበረበት ጋ ቆመች። አንገቷ ባዶ ነው። የፊት እግሯን አንስታ አየር ላይ አቆየችው፣ መልሳ አስቀመጠችው። ጅራቷ ይወዛወዛል፣ ጉሮሮዋ ውስጥ ቀጭን ድምፅ አለ። ዳቦውን ታያለች፣ እኔን ታያለች።

«ምን ሆና ነው? ያ ነገር እኮ የለባትም» አለች እናቴ።

«የለባትም።»

እናቴ ትንሽ አየቻት። ከዚያ ወገቧን ይዛ ተነሳች፣ ወንበሯን እየጎተተች ወደ ውስጥ ገባች፣ ጥላው ላይ አስቀመጠችው። ዳቦውን ለሁለት ቆርሳ ትልቁን ሰጠቻት።