ጤፉ የሄደበት

ትናንት ማታ ከብቸና ገባሁ። አንገቴን እስካሁን ገለባ ያሳክከኛል። መሥሪያ ቤት "እረፍት እንዴት ነበር?" ሲሉኝ ሳቄ መጣ።

እረፍቱ ውቂያ ነበር። አባዬ ዘንድሮ 3 ጥማድ ጤፍ ዘርቶ ነበር፣ አንድ ሄክታር አይሞላም። ዘሩ "ቁንጮ" የሚባለው ነው፣ በ1998 ዓ.ም. ከደብረ ዘይት ምርምር ማዕከል የወጣው። ነጭ ነው፣ ገበያም የሚወደው ነጩን ነው።

አውድማውን እማዬ እኔ ሳልደርስ በእበት ለቅልቃ አድርቃዋለች። ለጌጥ እንዳይመስላችሁ። የጤፍ ፍሬ ሺሁ ተመዝኖ ግማሽ ግራም አይሞላም፤ አውድማው ላይ አንዲት ስንጥቅ ካለች ከክረምት ጀምሮ የተለፋበት እዚያው ገብቶ ይቀራል። የእኔ ሥራ ምን መሰላችሁ? በሬዎቹ እየዞሩ ሲያበራዩ ከኋላ ከኋላ መከተል፣ አንዱ ጭራውን ብድግ ሲያደርግ እፍኝ ጭድ ይዞ ሮጦ እበቱን መሬት ሳይነካ መቀበል። በሰባት ዓመቴ የምሠራው ሥራ ነው። ዲግሪ ይዤ ተመለስኩበት፣ ያውም ሁለቴ አምልጦኝ የጎረቤት ልጅ እየሳቀ ቦታዬን ቀማኝ። በሬዎቹ ጎንበስ እያሉ ሲግጡ አይቼ አፋቸውን እንሰረው እንዴ ብል አባዬ ተቆጣ። "የሚያበራየውን በሬ አፉን አትሰር ነው የሚለው መጽሐፉ። ደግሞስ ያረሰው እሱ አይደል?"

ማክሰኞ ነፋስ ጠፋ፣ ቀኑን ሙሉ። ስልኬን አውጥቼ የአየር ትንበያ ሳይ አባዬ ገለባ ወደ ላይ በተን አደረገና ቀጥ ብሎ ሲወርድ አይቶ "ያንተ ምን ይላል?" አለኝ። ከሰዓት ይነፍሳል ይላል አልኩት። የነፈሰው ሌሊት ነው። በጨረቃ፣ በመንሽ ስናዘራ አደርን።

11 ኩንታል ሆነ። አይከፋም፣ ማዳበሪያው በጊዜው ቢደርስ ይበልጥ ነበር፤ የመጣው ጤፉ ከተዘራ በኋላ ነው። ከዚያ ሒሳቡ መጣ። ሦስቱ ለማዳበሪያ ዕዳ፣ ሁለቱ ለአጫጆች፣ 30 ኪሎ ለዘር፣ አንዱ ለእኔ። ከተረፈው አብዛኛው ገበያ ይወጣል፣ እህቴ ተማሪ ናት፣ ጣሪያውም ቆርቆሮ ይፈልጋል። ለቤት የሚቀረው አንድ ኩንታል ነው፣ እሱም ከበቆሎ ጋር እየተደባለቀ።

ማታ ማታ ፊቴ ነጭ እንጀራ ይቀርባል። አባዬ ከበቆሎው ይበላል። የመጀመሪያው ቀን አላስተዋልኩም፤ እውነቱን ለመናገር ሁለተኛውም ቀን አላስተዋልኩም። አዲስ አበባ ካፌ ቁጭ ብሎ "ገበሬ መሆን ነበር እኮ፣ የራስህን አምርተህ መብላት!" የሚለው ሰውዬ ደግሞ እኔ ነኝ።

እማዬን ዘንድሮ የእኔ ኩንታል እዚሁ ይቅር አልኳት። ገላመጠችኝ።

"ከተማ ተቀምጠህ በቆሎ ልትበላ? ሰው ምን ይለናል?"

መናኸሪያ ድረስ መጥታ ሲጫን ቆማ አየች። አሁን ጆንያው በሩ ሥር ተደግፎ ቆሟል፣ አፉን ራሷ በቀይ ክር ሰፍታዋለች። ወፍጮ ቤት መውሰድ ነበረብኝ ዛሬ፣ አልፈታሁትም።