ደደሆውን ባልመነጠርሁት ኖሮ

ደሴ ውስጥ፣ በጦሳ ተራራ ግርጌ፣ ከአባቴ የወረስሁትን ተዳፋት መሬት በወይራ ለማልበስ ሁለት ክረምት ፈጅቶብኛል፤ አንደኛው ክረምት ግን በከንቱ የባከነ ነው።

ችግኙን ማፍላት አላስቸገረኝም። ጠቁሮ የበሰለውን ፍሬ ለቅሜ፣ ሥጋውን አሽቼ አጥቤ፣ ውኃ እንዲገባው የጠንካራውን ቅርፊት ጫፍ በጉጠት ሰንጥቄ በችግኝ ፕላስቲክ ዘራሁት።

ጥፋቱ የተፈጸመው ከተከላው በፊት ነው። መሬቱን ሊያይ የመጣው ባለሙያ በላዩ የበቀሉትን ቁጥቋጦዎች፣ ደደሆውን፣ ክትክታውንና አጋሙን፣ ከነሣሩ እያመለከተ «ይህ ሁሉ ከችግኝህ ጋር ውኃና ምግብ ስለሚሻማ ከሥሩ ይመንጠር» አለኝ። እኔም ለሦስት የቀን ሠራተኞች የአራት ቀን ሒሳብ ከፍዬ የታችኛውን ግማሽ አስመነጠርሁ፤ በሐምሌም 120 ችግኝ ተከልሁበት። የነሐሴ ጎርፍ የሚይዘው ሥር ስላጣ አፈሩን እየጠረገ ጉድጓዶቹን በደለል ሞላ፤ ዝናቡ ሲያቆም ፀሐዩ ገላጣውን መሬት አነቃው፤ የኅዳር ውርጭ ቅጠሉን አቃጠለው፤ የተረፈውን ፍየል ቀነጠበው። በጥር ወር የቀሩት ዘጠኝ ነበሩ። ባለሙያው ተመልሶ ከቆጠረ በኋላ የተናገረው «ውኃ አላጠጣህም» የሚል ብቻ ነው።

በእሱ ብናደድም በራሴ ይብስብኛል፤ ምክንያቱም ከልጅነቴ ጀምሮ ያየሁት ወፍ ዘራሽ ወይራ ሁሉ ከአጋም ወይም ከደደሆ መሐል ብቅ ያለ ነበር። ወፏ ፍሬውን በልታ ቁጥቋጦው ላይ ስታርፍ ዘሩን እዚያው ትጥለዋለች፤ ጥላው እርጥበት ያቆይለታል፣ የረገፈው ቅጠል አፈሩን ያዳብርለታል፣ የአጋሙ እሾህ ፍየሉን ያርቅለታል፤ ወይራውም ከዓመታት በኋላ አሳዳጊውን በቁመት ይበልጠዋል። በትግራይ ከከብት በተከለሉ ቦታዎች የተደረጉ ጥናቶችም የወይራ ቡቃያ ከገላጣ ይልቅ በቁጥቋጦ ሥር እንደሚበረክት አሳይተዋል። ይህን ያነበብሁት ግን ከመነጠርሁ በኋላ ነው።

በሁለተኛው ክረምት 60 ችግኝ ይዤ ወዳልተነካው የላይኛው ግማሽ ሄድሁ። ለጉድጓዱ የሚበቃ ቅርንጫፍ ብቻ ከርክሜ እያንዳንዱን በቁጥቋጦ ጥላ ሥር ተከልሁት፤ በጋው ሲያልፍ 41ዱ ቆመው አገኘኋቸው። ስለዚህ ማንም ባለሙያ ቢያዛችሁ ቁጥቋጦ አትመንጥሩ፤ ወይራው ጠንክሮ ብርሃን ሲሻ በላዩ ያጠላበትን ቅርንጫፍ ብቻ ቁረጡለት። ስለ ሣሩ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሰውዬው ልክ ነበር፤ ካልታረመ ትንሹን ችግኝ ያንቀዋል።

የታችኛው ግማሽ አሁንም ገላጣ ስለሆነ፣ ገንዘብ ከፍዬ ያስነቀልሁትን አጋም መልሼ ለመትከል ችግኝ ማፍላት ጀምሬያለሁ፤ ለዘር የምለቅመውን ፍሬ ልጆቼ እየቀደሙ ስለሚበሉብኝ ግን ግማሹ እንኳ አይደርሰኝም።