ጣናን ከሰዓት በኋላ አትሻገሩ

እናቴ የኡራ ኪዳነ ምሕረትን ሥዕሎች እንድታይ ዘጌ ልወስዳት ብዙ ጊዜ ተመኝቻለሁ። ባሕር ዳር መድረሱ፣ አልጋ መያዙ፣ ወደቡን ማግኘቱ ቀላል ነው። ያንገበገበኝ የትኬት መስኮቱ ነው።

ጠዋት ነው የቀረብነው። ቆራጩ «ጀልባው ሲሞላ ትሄዳላችሁ» አለን። ቁጭ ብለን ስንጠብቅ ፀሐይ አናት ላይ ወጣች። ስለ ነፋሱ ብጠይቀው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ሐይቅ እኮ ነው፣ ምን ማዕበል አለው?» አለኝ። ክብራን ገብርኤልንም እናያለን ብሎ ለእናቴ ትኬት ቆረጠላት። ገዳሙ ሴት እንደማያስገባ አንድ ቃል አልተነፈሰም። እዚያ ስንደርስ እሷ ዳር ላይ ቀረች። ይህን መቼም አልረሳውም።

ማዕበሉ ደግሞ ከዘጌ ስንመለስ መጣ። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ ግን 14 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። እንዲህ ያለ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውኃ ነፋስ ሲያገኘው አጫጭር፣ ቀጥ ቀጥ ያለ ሞገድ ያነሳል። ከሰዓት በኋላ የብሱ ከውኃው ቀድሞ ስለሚሞቅ ነፋሱ ይበረታል። በደንገል ታንኳ የሚቀዝፉት ሁሉ ያውቁታል።

የእናቴ ላይፍ ጃኬት መቆለፊያው ተሰብሮ ነበር። ሁለቱን ማሰሪያዎች በነጠላዋ ጫፍ አያይዤ ቋጠርኩላት። ውኃው እየገባ ጫማችን ራሰ። ጀልባ ነጂው ልጅ ግን ጎበዝ ነው። ሞተሩን ቀነሰ፣ የጀልባውን አፍንጫ ወደ ሞገዱ አዞረ፣ «እማማ፣ መሐል ላይ ይቀመጡ፣ እንዳይነሱ» አላት። በሰላም የገባነው በእሱ ነው። ጃኬቱን ወስጄ ለቆራጩ ባሳየው፣ ተቀብሎ ሌሎቹ ክምር ላይ ወረወረው።

ስለዚህ «ሲሞላ» የሚሏችሁን አትስሙ። ሌሎች ተጓዦች ፈልጉና ጀልባውን ኮንትራት ያዙ፤ የመቆያ ሰዓቱንም ጨምራችሁ ቀድማችሁ ተዋዋሉ። ጠዋት 1 ሰዓት ተነሱ፣ ከ6 ሰዓት በፊት ተመለሱ። የጃኬቱን መቆለፊያ ራሳችሁ ከፍታችሁ ዝጉት፤ ካልሠራ ሌላ እስኪያመጡ አትሳፈሩ። ከረፈደባችሁ ደግሞ ወደ ዘጌ የመኪና መንገድ አለ። አቧራው ይሻላል። እኔ አሁን መስኮቱ ጋ አልሄድም፤ ማታውኑ ለዚያ ልጅ ደውዬ እቀጥራለሁ።