«ደረጃ እወጣለሁ» ያሉኝ አባት

የማደንዘዣ ሐኪም ነኝ። ከባድ ቀዶ ጥገና የሚጠብቃቸውን ሰዎች አስቀድሜ አያለሁ። ለብዙ ዓመት «ደረጃ ይወጣሉ?» እያልኩ ስጠይቅ ኖሬአለሁ። «አዎ» ካሉኝ ፎርሙ ላይ «አቅም፦ ጥሩ» ብዬ እጽፍና ወደ ሚቀጥለው አልፋለሁ።

እኚህ አባት 68 ዓመታቸው ነበር። ትልቁ አንጀታቸው ላይ ካንሰር ተገኝቶ በከፊል ተቆርጦ ሊወጣላቸው ነው። ቁመታቸው ዘለግ፣ ወገባቸው ቀጥ ያለ፤ ሲጨብጡ እጅ የሚያምሙ ሰው ነበሩ። የተለመደውን ጥያቄ ጠየቅኋቸው።

«እወጣለሁ እንጂ! ምን ሆኜ?» አሉኝ።

ጻፍኩ። ጠቅላላ ነገሩ 5 ደቂቃ የፈጀ አይመስለኝም።

ቀዶ ጥገናው ያለ ችግር አለቀ። በ3ኛው ቀን ግን ትንፋሽ ያጥራቸው ጀመር። የሳንባ ምች ነበር። ወዲያው የልብ ምታቸው ተዛባ። ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገብተው 11 ቀን ተኙ። ቀድሞ የተያዘ አልጋ ስላልነበረ ያን ሌሊት የሮጥነውን ሩጫ አልረሳውም።

በማግስቱ ልጃቸውን ኮሪደር ላይ አገኘኋት። ከቀዶ ጥገናው በፊት እንዴት ነበሩ ብዬ ጠየቅኋት።

«አባዬ? ደህና ነበር። መኝታ ቤቱ ፎቅ ላይ ነው፤ ግን ከ8 ወር ወዲህ ሳሎን ሶፋው ላይ ነው የሚተኛው። ደረጃው ይሰለቸኛል ይላል።»

ክው አልኩ።

አባትየው አልዋሹኝም። ድካም ቀስ እያለ ሲመጣ ሰው ሳያውቀው ኑሮውን ከድካሙ ጋር ያስማማል። ወደ ላይ መውጣት ይቀራል፣ መኝታው ይወርዳል። ራሱን ግን የሚያውቀው እንደ ድሮው ነው። መጨረሻ የወጡት መቼ እንደሆነ፣ መሐል ላይ ቆመው ያርፉ እንደሆነ የመጠየቅ ሥራ የእኔ ነበር። እኔ ደግሞ ቁመናቸውን አይቼ ረካሁ።

ነገሩ ቀላል ስህተት አይደለም። ከከባድ ቀዶ ጥገና በኋላ የሰውነት የኦክስጅን ፍላጎት ሰው አርፎ በተቀመጠበት ጊዜ ካለው እስከ ግማሽ ያህል ሊጨምር ይችላል። አንድ ሰዓት ብቻ አይደለም፤ ለቀናት ነው። ልብና ሳንባ ያንን የሚሸከሙበት ትርፍ አቅም ከሌላቸው፣ የተዋጣለት ቀዶ ጥገና ብቻውን አያድንም።

ከዚያ በኋላ የተጻፈውን እየፈለግሁ ማንበብ ያዝኩ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ አንድ ጥናት በ4 አገሮች 1401 ታካሚዎችን ተከታትሏል። ሐኪሞች እንደ እኔ ጠይቀውና አይተው አቅማቸውን ገመቱ። ከዚያ ታካሚዎቹ ብስክሌት ላይ ተፈተኑ። አቅማቸው በእውነት ደካማ ከሆነው መካከል ሐኪሞቹ የለዩት ከ100 ሰው 19 ያህሉን ብቻ ነው። ሌሎቹን «ደህና ናቸው» ብለው አሳልፈዋቸዋል። እኔ ያየኋቸው አባትም እንደ እነዚያ ያለፉ መሆናቸው ነው።

የብስክሌት ፈተናው ይህን ይመስላል። ታካሚው ጭምብል አድርጎ የማይንቀሳቀስ ብስክሌት ይነዳል። የፔዳሉ ክብደት በየደቂቃው ይጨምራል። ማሽኑ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የገባውን ኦክስጅንና የወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለካል። የምንፈልገው ጡንቻ ኦክስጅን አልበቃ ብሎት ላክቲክ አሲድ ማከማቸት የሚጀምርበትን ነጥብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣ የአውስትራሊያ ጥናት 187 አረጋውያን ከከባድ ቀዶ ጥገና በፊት ተፈትነው ነበር። ይህ ነጥብ በኪሎ ክብደት በደቂቃ ከ11 ሚሊ ሊትር ኦክስጅን በታች ከሆነባቸው መካከል 18 በመቶው በልብና በደም ሥር ችግር ሞቱ፤ ከዚያ በላይ ከሆነላቸው ግን 0.8 በመቶ ብቻ። ዛሬ ሕክምናው ተሻሽሏል፤ 11ም በር የሚዘጋ ቁጥር አይደለም። ፈተናው ሰውን ከቀዶ ጥገና ለመከልከል ነው ብሎ የሚፈራ ካለ፣ እኔ እንደዚያ አልጠቀምበትም። ማንን አጠገባችን ማቆየት እንዳለብን የሚነግረን ነው።

ብስክሌቱ በሌለበትም ባዶ እጅ አንቀርም። 12 ጥያቄዎች ያሉት ዳሲ የሚባል መጠይቅ አለ። ልብስ መልበስ፣ ቤት ውስጥ መራመድ፣ ዳገት መውጣት፣ ከባድ የቤት ሥራ እያለ አንድ በአንድ ያስቆጥራል። በ2018ቱ ጥናት ከሐኪም ግምት የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። እኔ አሁን ጎን ለጎን «ትናንት ምን ሠሩ?» እላለሁ። የሚቻል ከሆነ ቤተሰብ ባለበት።

ግምቴ በሌላው በኩልም ይስታል። ጎበጥ ያሉ ቀጭን እናት መጥተው፣ ከፈተናው በፊት በልቤ ደካማ ናቸው ብዬ ነበር። 14 አመጡ። በየቀኑ አንድ ሰዓት በእግራቸው ይሄዳሉ።

ባለፈው ወር ደግሞ የምግብ ቧንቧ ካንሰር ያለባቸው ሰው መጡ። የካንሰር መድኃኒት ገና መጨረሳቸው ነው፤ እሱ ራሱ አቅም ይጨርሳል። ብስክሌቱ ላይ 9.4 ሆነ። ለቀዶ ሐኪሙ ደወልኩለት። ከመድኃኒቱ ለማገገም የሚጠበቁት ሳምንታት ነበሩና፣ በሳምንት 3 ቀን ከፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጋር ብስክሌት እንዲነዱበት ተስማማን። ሲጋራም አቆሙ። ድጋሚ ስንፈትናቸው 10.6 አመጡ።

ገና ከ11 በታች ነው። የጽኑ ሕሙማን አልጋው ግን ቀዶ ጥገና ክፍል ከመግባታቸው በፊት ተይዞ ነበር። በ2ኛው ቀን ላያቸው ስሄድ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ነርሷ አጠገባቸው ቆማ ሳንባቸው እንዲጸዳ እያሳለቻቸው ነበር።