ባንክ ያለው ሁሉ የእኔ አይደለም

ኬብሉን የገዛሁት በሰው ገንዘብ ነበር። ያን ጊዜ ግን አላወቅኩም።

የኤሌክትሪክ መስመር ዝርጋታ በኮንትራት የምትሠራ ትንሽ ድርጅት አለችኝ። ስከፍታት አራት ሠራተኞች ነበሩኝ። የሒሳብ ሠራተኛ ለመቅጠር አቅሙ ስላልነበረኝ መዝገቡንም ደመወዙንም ራሴ ያዝኩ። ስድስተኛው ወር ላይ አንድ ደንበኛ ክፍያ አዘገየብኝ። ሥራው እንዳይቆም ኬብል መግዛት ነበረብኝ። የባንክ ሒሳቤን አየሁ፤ ገንዘብ አለ። ገዛሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከሠራተኞቼ ደመወዝ የቆረጥኩትን ግብርና የጡረታ መዋጮ ገቢ የማደርግበት ቀን ደረሰ። ገንዘቡ ኬብል ሆኖ ግድግዳ ውስጥ ገብቷል። ተበድሬ ከፈልኩ፤ ቀኑ ግን አልፎ ነበር። ቅጣትና ወለድ ተጨመረበት።

ያን ማታ መዝገቡን ዘርግቼ ቁጭ አልኩ። ከሠራተኛ ደመወዝ የተቀነሰ ገንዘብ ሠራተኛው ላቡን ያፈሰሰበት ነው። እኔ ዘንድ የሚቆየው በአደራ ነው። ከደንበኛ የምሰበስበው ተጨማሪ እሴት ታክስም እንደዚያው። ሁለቱም በእጄ ያልፋሉ እንጂ የእኔ አይደሉም። እኔ ግን ሁሉንም ከራሴ ገንዘብ ጋር አንድ ሒሳብ ውስጥ ቀላቅዬ፣ በቀሪው መጠን ነበር የምወስነው።

በማግስቱ ሁለተኛ የባንክ ሒሳብ ከፈትኩ። በመዝገቤ ላይ ስሙ «አደራ» ነው። ከደንበኛ ክፍያ ሲገባ፣ ታክሱን በዚያው ዕለት ወደ አደራ አዛውራለሁ። ዕቃ ስገዛ የከፈልኩት ታክስ ሲቀናነስ የሚመለስልኝ ካለ፣ ወሩ ሲዘጋ ከአደራ ወደ ሥራው ሒሳብ ይመለሳል። ደመወዝ በከፈልኩ ቀንም ተቀናሹን በሙሉ አስገባለሁ። ድርጅቱ ራሱ ለሚከፍለው የትርፍ ግብር ደግሞ ከየወሩ ትርፍ ግምት ወስጄ አስቀምጣለሁ፤ በየሦስት ወሩም ግምቱን አስተካክላለሁ። ዋናው ነገር «በዚያው ዕለት» የሚለው ነው። ነገ ካልኩ፣ ነገ ሌላ ኬብል ይመጣል።

ደመወዝ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። መክፈያ ሰነዱ ላይ ጥቅል ደመወዝ፣ ተቀናሽና የተጣራ ደመወዝ አለ። ሠራተኛው የሚያየው ይህን ነው። አሠሪው በራሱ በኩል የሚጨምረው መዋጮ ግን ከሠራተኛው ደመወዝ አይቀነስም፤ ከድርጅቱ ኪስ ይወጣል። በዚያ ላይ የዓመት ዕረፍት አለ፤ የሕመም ፈቃድ አለ። መጀመሪያ አካባቢ ጨረታ ስገባ የጉልበት ዋጋውን የማሰላው ሠራተኛው እጅ በሚገባው የተጣራ ደመወዝ ነበር። ሁለት ሥራ አሸንፌ በሁለቱም ከሰርኩ። አሁን ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የዓመቱን ሙሉ ወጪ እደምርና በእርግጥ ሥራ ላይ ለሚውልባቸው ሰዓታት አካፍላለሁ። ዋጋ የማቀርበው በዚያ ነው።

ሌላው የከበደኝ ነገር «በእጅህ ይህን ያህል ይገባልሃል» ብሎ መቅጠር ነው። ሁለተኛውን ሠራተኛዬን እንዲህ ብዬ ቀጠርኩት። የተጣራውን ቃል ስገባ ግብሩንና መዋጮውን እኔ ላይ ወሰድኩ ማለት ነው። ጥቅሉን ለማግኘት ወደ ኋላ ማስላት ነበረብኝ። የትርፍ ሰዓት በሠራ ቁጥር ደግሞ ሒሳቡ ይምታታል። ቃሌን አላጠፍኩም፤ ውሉ እስኪታደስ ድረስ ልዩነቱን ከፈልኩ። ከዚያ ወዲህ ግን ውል የምጽፈው በጥቅል ደመወዝ ብቻ ነው። የተጣራውን አስልቼ ከመፈረሙ በፊት አሳየዋለሁ።

አንድ ቀን ደግሞ ጎበዙ ሠራተኛዬ መጣና «አለቃ፣ የትርፍ ሰዓቱ ይቅርብኝ፤ ግብሩ ከፍ ይልና ደመወዜ ይቀንሳል» አለኝ። ብዙ ሰው እንዲህ ያምናል። ግብሩ በእርከን የሚሰላ ከሆነ ግን ከፍተኛው ምጣኔ የሚነካው ከእርከኑ በላይ ያለውን ብቻ ነው። ወረቀት አወጣሁ። «የመጀመሪያው 1,000 ላይ 10 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ባለው ላይ 20 በመቶ ነው እንበል። 1,000 ስታገኝ ግብሩ 100 ነው፤ 900 ይደርስሃል። 1,100 ስታገኝ ግብሩ 120 ነው፤ 980 ይደርስሃል።» ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ለሌሎቹም ያስረዳው እሱ ነው። ሒሳቡን ራሴ ባልይዝ ይህን መልስ እዚያው ልሰጠው አልችልም ነበር።

በየሁለት ሳምንቱ የምትከፍሉ ከሆነ ደግሞ ይህን ልብ በሉ። ዓመቱ 52 ሳምንት ነው፤ ስለዚህ የክፍያው ቀን የሚመጣው 26 ጊዜ እንጂ 24 ጊዜ አይደለም። በወር ሁለት ብላችሁ በጀት ከያዛችሁ ሁለት ክፍያ ይጎድላችኋል።

መዝገቡ ራሱ ያን ያህል አያስቸግርም። ኤክሴል ይበቃኛል። እያንዳንዱ ሥራ የራሱ ቁጥር አለው፤ ወጪ ሁሉ በዚያ ቁጥር ይመዘገባል። የትኛው ሥራ እንደሚያበላ፣ የትኛው እንደሚያስርብ ያወቅኩት በዚህ ነው። ለጥቃቅን ጥገና መሯሯጥ ትርፍ እንደሌለው ያሳየኝ መዝገቡ ነው። ደረሰኝ ደግሞ በተቀበልኩበት ሰዓት በስልኬ ፎቶ አነሳዋለሁ፤ በሙቀት የሚታተመው ወረቀት ውሎ አድሮ ይደበዝዛል። ለራሴም በየወሩ ቁርጥ ያለ ገንዘብ አወጣለሁ። ከዚያ ውጭ ከድርጅቱ ሒሳብ ለቤቴ አንዲት ሳንቲም አላነሳም።

አርብ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዓት ለመዝገብ ነው። ወር ሲያልቅ መዝገቤን ከባንክ ስቴትመንት ጋር አስታርቃለሁ። እዚህ ላይ አንድ የቆየ የሒሳብ ሠራተኞች ዘዴ ላካፍላችሁ። ልዩነት ሲመጣ መጀመሪያ ለ9 አካፍሉት። ያለ ቀሪ ከተካፈለ፣ ሁለት አሃዝ ተገላብጦ የተጻፈበት ዕድል አለ። 4,530ን 4,350 ብላችሁ ብትጽፉ ልዩነቱ 180 ነው፤ ለ9 ሲካፈል 20። ካልተካፈለ ልዩነቱን ለሁለት ክፈሉትና ያንን ቁጥር ፈልጉ። 640 ወጪን ገቢ ብዬ መዝግቤ ልዩነቱ 1,280 የሆነበት ጊዜ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ከፈለግኩ በኋላ ነው ይህን የተማርኩት።

ሁሉንም ግን ብቻዬን አልሠራም። የዓመቱን ሒሳብ ስዘጋ አንዲት ልምድ ያላት የሒሳብ ባለሙያ ዘንድ እሄዳለሁ። የመጀመሪያው ዓመት ላይ መዝገቤን አገላብጣ «ልጄ፣ ይህን ትልቅ መቦርቦሪያ ሙሉውን የዘንድሮ ወጪ አድርገኸዋል። አምስት ዓመት የሚያገለግልህ ከሆነ ወጪውም በአምስቱ ዓመት ይከፋፈላል» አለችኝ። ስለ እርጅና ቅናሽ የሰማሁት ያኔ ነው። የግብር ምጣኔውና የመክፈያ ቀኑ ከአገር አገር ስለሚለይ፣ እሱን ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ወይም ከእንዲህ ያለ ባለሙያ ማጣራት ግድ ነው። ለእሷ የምከፍለው ያን ጊዜ ከከፈልኩት ቅጣት ያነሰ ነው።

ባለፈው ወር ሌላ ደንበኛ ክፍያ አዘገየ። ደግሞ ኬብል ያስፈልገኝ ነበር። ሁለቱን ሒሳቦች ከፍቼ አየሁ። የሥራው ሒሳብ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ አደራው ሙሉ ነው። ደንበኛው ጋ ደወልኩ፤ ቀጥዬ ኬብል አቅራቢው ጋ ደውዬ የ15 ቀን ጊዜ ጠየቅኩ። ሥራው ሁለት ቀን ቆመ። የሠራተኞቹ ተቀናሽ በቀኑ ገቢ ሆነ።